ትራክተሯ ታፈሳለች፣ ትጮሃለች፤ ፓምፕ ልቀይር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ምኖረው ቨርጂኒያ ማናሳስ አካባቢ ነው፣ ከቤቴ ጀርባ ጎመንና ቃሪያ ምተክልባት መሬት አለችኝ፣ ሳሩን ደሞ ያገለገለች የ1980ዎቹ የጓሮ ትራክተር ገዝቼ በሷ ነው ማጭደው። ሃይድሮስታቲክ ነች፣ ማርሽ መቀያየር የለም፣ ማጨጃውንም መሪውንም በሃይድሮሊክ ነው ምታንቀሳቅሰው። አሁን ሦስት ነገር ባንዴ መጣብኝ፤ ቆማ ስታድር ከስሯ ዘይት ይንጠባጠባል፣ ስትሠራ ቀጭን ድምፅ እያወጣች ታላዝናለች፣ ስትሞቅ ደሞ በዘይት ክዳኑ በኩል አረፋ ይወጣል። መካኒክ ፓምፑ አልቋል ብሎ ከገዛሁባት ዋጋ በላይ ጠየቀኝ። ላሠራት ወይስ ልጣላት?

መልስ፦ ወንድሜ ፓምፑን ገና አትንካው። ሦስት ያልከው ነገር አንድ በሽታ ይመስለኛል፣ አየር እየሳበች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘይት ጋኑ ወደ ፓምፑ ምትሄደው ቱቦ ግፊት የላትም፣ ፓምፑ ነው ዘይቱን በሷ ሚስበው፣ ስለዚ እዛ መስመር ላይ ቀዳዳ ወይ የላላ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) ካለ ሞተሩ ሲሠራ ዘይት አይወጣም፣ አየር ነው ሚገባው፣ ልክ በተሰነጠቀ ስትሮ ለስላሳ ስትጠጣ እንደሚሆነው። ሞተሩ ሲጠፋ ግን ጋኑ ውስጥ ያለው ዘይት በራሱ ክብደት እየወረደ በዛችው ቀዳዳ ይንጠባጠባል። ሌሊት ምታፈሰው ቀን ምትጮኸው ለዚ ነው። የገባው አየር ከዘይቱ ጋር ተመትቶ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደሞ ቦታ ይፈልጋል፣ በክዳኑ በኩል ሚወጣው እሱ ነው እንጂ ዘይት አብዝተህ አይደለም (አብዝተህም ከሆነ ቀንስ፣ መለኪያው ዘንግ ላይ እይ)።

እንዴት ታረጋግጣለህ? ሠርታ እንዳበቃች ትንሽ ዘይት በብርጭቆ ቅዳና አስቀምጠው። አየር ከሆነ አረፋው ቀስ እያለ ይጠፋና ዘይቱ ይጠራል፣ አድሮም ወተት እንደመሰለ ከቀረ ውሃ ገብቶበታል፣ ያኔ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው። ከዛ ሞተሩን በዝግታ እያሠራህ ከጋኑ እስከ ፓምፑ ያለውን መጋጠሚያ ሁሉ ባንድ ባንድ ግሪስ ቀባው፣ ድምፁ የቀነሰባት ቦታ ላይ ስትደርስ አገኘኻት ማለት ነው። ቀበቶና ፋን አጠገብ ስለሆንክ ሸሚዝህን ሰብስብ፣ ፋኑ አጠገብ ያለውን ደሞ ሞተር አጥፍተህ ቀባና እንደገና አስነሳት።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ ያቺው የመሳቢያ ጎማ ነች። በዕድሜ ትደርቃለች ትሰነጠቃለች፣ አንዳንዴ ከውጭ ደህና መስላ ውስጧ ተልጦ መንገዱን ይዘጋዋል። ስትቀይር ግን የራዲያተር ጎማ እንዳትገጥም! አብዛኛው የራዲያተር ጎማ የተሠራበት ላስቲክ ለዘይት አይሆንም፣ ያብጣል ይለሰልሳል። ለመሳቢያ ተብሎ የተሠራ፣ ውስጡ ሽቦ የተጠመጠመበት ኤስኤኢ 100አር4 ሚባል አለ፣ ፓምፑ ሲስብ አይጣበቅም። ፊልትሮውንም አብረህ ቀይር፣ የተደፈነ ፊልትሮም ያስጮኻል።

ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ልብ በል። ጠዋት በብርድ ጮኻ ስትሞቅ ዝም ምትል ከሆነ ዘይቱ ወፍሯል ወይ ፊልትሮው ታፍኗል። መሪው መጨረሻ ድረስ ሲዞር ወይ ማጨጃው ጫፍ ደርሶ ሌቨሩን ይዘህ ስትቆይ ብቻ ከሆነ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቩ ነው፣ ጤነኛም ትራክተር ያደርገዋል፣ ሌቨሩን ልቀቅ በቃ። ሁሌ ሚጮህና መጋጠሚያ ስትቀባ ምንም ለውጥ ከሌለው፣ ኃይሏም ስትሞቅ ሚደክም ከሆነ፣ ያኔ ስለ ፓምፕ እናወራለን። ከዛ በፊት ግን ኃይሉን ወደ ጎማ ሚያስተላልፈው ክፍል ላይ ያለውን ማቀዝቀዣ ፋን እየው፣ ክንፉ ተሰብሮ ወይ ሳር ሞልቶት ሲግል ራሱ ትደክማለች።

ግፊት ባለበት መስመር ላይ ካፈሰሰ ሌላ ጨዋታ ነው። በእጅህ እየዳሰስክ እንዳትፈልግ፣ በመርፌ ቀዳዳ ሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ካርቶን አስጠግተህ ፈልግ። ከገባብህ ደሞ ባያምህም በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ በግፊት ዘይት ገብቶብኛል በላቸው፣ ቀዳዳዋ ትንሽ ስለሆነች ቀላል መስሏቸው እንዳይሸኙህ። ስትፈታም ማጨጃውን መሬት አውርደህ፣ ሞተር አጥፍተህ፣ ሌቨሮቹን ወዲያ ወዲህ አድርገህ ግፊቱን አውጣ።

ሲያፈስ ዳዶውን ማጥበቅ ሚባል ልማድ አለን፣ ትንሽ አጥብቀህ ካልቆመ ተው፣ ፈትተህ ኦሪንጉን (የላስቲክ ቀለበቱን) እይ፣ ጠፍጣፋ ከሆነ አልቋል። ጫፉ ሾጣጣ ሆኖ 37 ዲግሪ ሚጋጠመው ላይ ቴፍሎን አትጠምጥም፣ እሱ ሚይዘው በብረቱ ነው፣ የቴፍሎኑ ቁራጭ ደሞ ሄዶ ቫልቭ ውስጥ ይሰነቀራል። ፍሳሽ ያቆማል እያሉ ሚሸጡትን ጠርሙስ እኔ አልወደውም፣ ላስቲኩን ትንሽ ያሳብጠው ይሆናል እንጂ የተሰነጠቀ ጎማ አይደፍንም።

ጨርሰህ ዘይት ስትሞላ ማንዋሉ ሚለውን ብቻ ሙላ። የኋላ ጎማዎቿን አንስተህ ስታንድ ላይ አስቀምጣት፣ ክሪክ ላይ ብቻ አትተዋት፣ የፊቱንም ታኮ አድርግበት። ሞተሩን በዝግታ እያሠራህ ወደፊት ወደኋላ ቀስ እያልክ አንቀሳቅሳት፣ አጥፋት፣ አረፋው ይውረድ፣ ዘይቱን ለካ፣ ድገመው። የመጀመሪያ ቀን ትንሽ ብታጉረመርም አትደንግጥ። አሮጌውን ዘይት ብዙ የመኪና ዕቃ መሸጫዎች በነፃ ይቀበሉሃል።

ጥያቄ፦ ከመቂ ነው። ለሽንኩርትና ቲማቲም ምንጠቀምባት አሮጌ ትንሽ ትራክተር አለችን። የካምቢዮና የሃይድሮሊክ ዘይቷ አንድ ላይ ነው፣ ሾፌሩ ጎደለ ብሎ የሞተር ዘይት ጨመረበት፣ ከዛ ወዲህ ፍሬን ሲይዝ ይንቋረራል። ይያያዛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍሬኗ ዘይት ውስጥ ሚሠራ ዓይነት ከሆነ አዎ፣ ይያያዛል። እንደዛ ዓይነቶቹ ለማርሹም ለሃይድሮሊኩም ለፍሬኑም ተብሎ የተቀመመ የትራክተር ዘይት ነው ሚፈልጉት፣ ጀሪካኑ ላይ ዩቲቲኦ ተብሎ የተጻፈበትን ጠይቂ። የሞተር ዘይት ያ ቅመም ስለሌለው የፍሬኑ ሸራ ሲያዝ እየነጠረ ያስጮኸዋል። ፍሬኗ ደረቅ ከሆነ ግን ጩኸቱ ሌላ ነው፣ ምናልባት የአክስሉ ኦይል ሲል (ዘይት ማገጃ ላስቲኩ) አፍስሶ ሸራውን አርሶታል፣ ጎማው ውስጠኛ በኩል እርጥበት ካየሽ እሱ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ዘይቱን በሞቀበት ሙሉ በሙሉ አስወግጂ፣ ፊልትሮውን አሳጥቢ ወይ አስቀይሪ፣ አዲሱን ከሞላሽ በኋላም ጩኸቱ ወዲያው ላይጠፋ ይችላል፣ ሸራው የጠጣው የድሮ ዘይት እስኪወጣ ጥቂት ቀን ሥሩባት። ሾፌሩ ደሞ ለምን ጎደለ ብሎ እንደጨመረ ጠይቂው፣ ዘይት ዝም ብሎ አይጎድልም፣ ሚወጣበትን ፈልጉ።