ስለ መኪና አደጋ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄዎቻችሁ ከነመልሳቸው

ሥራዬ ሰው መኪና እንዲነዳ ማስተማር ነው። አደጋ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚቀር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። በቀጥታ ወደ መልሱ ልግባ።

ከሁሉም በላይ አደጋ የሚያመጣው ምንድን ነው?

ፍጥነት። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ይሄዳል። ልጅ መንገድ ላይ ዘው ቢል፣ አይታችሁት እግራችሁ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ያልፋል። ፍሬን ገና ሳይያዝ ከ35 ሜትር በላይ ሄዳችኋል ማለት ነው። ሌላም አለ። ፍጥነታችሁ ከ40 ወደ 80 ሲያድግ፣ ፍሬን ከያዛችሁ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚጨርሰው መንገድ አራት እጥፍ ይሆናል። «የኔ መኪና ፍሬን አስተማማኝ ነው» የሚለኝ ሰው በጣም ያስፈራኛል።

ከፊቴ ካለው መኪና ምን ያህል ልራቅ? በሜትር መገመት አልችልም።

በሜትር አትገምት፣ ቁጠር። የፊተኛው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት» በል። ሳትጨርስ ምሰሶው ጋ ከደረስክ ተጠግተሃል። ዝናብ ካለ እጥፍ አድርገው። ክፍተት ሲያዩ ዘለው የሚገቡብህ ይኖራሉ። ይግቡ፣ አንተ እንደገና ራቅ በል።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ቢለኝ ምን ላድርግ?

ይህን ሰፋ አድርጌ ልመልስ፣ ሕይወት የሚያልፍበት ጉዳይ ነው። ፍሬን ብዙ ጊዜ እምቢ የሚለው ስለሚግል ነው። ቁልቁለቱን በሙሉ ፔዳሉን ረግጠህ ከወረድክ ሸራው ይግልና መያዝ ያቅተዋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበት ያለው ዘይት ቶሎ ይፈላል፣ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰምጣል። ስለዚህ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ገደማ አስቀይር። ቁልቁለቱን ሳትጀምር ማርሽ ቀንስ፣ ሞተሩ መኪናውን ይያዘው። የተቃጠለ ነገር ከሸተተህ ቦታ ፈልገህ ቁምና አቀዝቅዝ።

ነገሩ ከደረሰ ግን ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ረግጠህ ልቀቅ፣ ግፊት ሊመለስ ይችላል። ማርሽ ደረጃ በደረጃ ቀንስ። የእጅ ፍሬን ቀስ እያልክ ያዝ፤ በአንድ ጊዜ ከሳብከው መኪናው ይዞርብሃል። ጥሩምባ እየነፋህ ዳገት ወይም ለስላሳ አፈር ፈልግ። ሞተር ፈጽሞ አታጥፋ፤ መሪው ይከብድሃል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለት በፍሪ (ማርሽ ሳያስገቡ) የሚወርዱትን እባካችሁ አትከተሉ።

ፍሬን አጥብቄ ስይዝ ፔዳሉ እግሬን ይመታኛል። ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። ኤቢኤስ የሚባለው የፍሬን መቆጣጠሪያ ጎማው እንዳይቆለፍ እየሠራ ነው። ደንግጠሽ አትልቀቂ፤ አጥብቀሽ እንደረገጥሽ በመሪው ሽሺ።

ጎማ ሲፈነዳስ?

ፍሬን አትምታ። መሪውን በሁለት እጅ ጨብጠህ ነዳጁን ልቀቅና የመኪናው ፍጥነት በራሱ ይቀንስ። የሚፈነዳው በአብዛኛው ንፋስ ያነሰበት ወይም ያረጀ ጎማ ነው። ጎን ላይ አራት አሃዝ ታገኛለህ። 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። ጥርሱ ቢያምርም ዕድሜውን እይ።

ባለቤቴ ሌሊት ሲነዳ እንቅልፍ ሲመጣበት መስኮት ከፍቶ ሙዚቃ ይጨምራል። ይረዳዋል?

አይረዳውም፤ ለጥቂት ደቂቃ ያታልለዋል እንጂ። ሸለብ ያደረገ ሹፌር ፍሬን እንኳ ሳይነካ ነው የሚጋጨው። ደህና ቦታ አቁሞ ቡና ይጠጣ፣ ወዲያው 15 ወይም 20 ደቂቃ ይተኛ። ቡናው መሥራት ሲጀምር ይነቃል። ካልበቃው ጉዞው ለነገ ይቆይ።

በጆሮ ማዳመጫ ማውራት ችግር አለው?

አለው። እጅህ ነፃ ነው፣ ሐሳብህ ግን ወሬው ላይ ነው። ዓይንህ ያየውን ሰው አእምሮህ ሳይመዘግበው ይቀራል። መልእክት መጻፍማ ጭራሽ አይታሰብም።

ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው ቀበቶ ምን ያደርጋል? ልጄንስ ባቅፈው?

ያልታሰረ የኋላ ተሳፋሪ በግጭት ጊዜ ተወርውሮ የፊተኛውን ሊገድል ይችላል። ልጅሽን አትቀፊው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ግጭት የማንም ክንድ ሕፃን ሊይዝ አይችልም። በዕድሜውና በክብደቱ ልክ የሆነ የልጅ መቀመጫ ግዢና ከኋላ እሰሪው። ፊቱን ወደ ኋላ የሚያዞረውን የሕፃን መቀመጫ ደግሞ ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ በፍጹም አታድርጊ። ኤርባጉ ሲፈነዳ በቀጥታ የሚመታው የሕፃኑን ጭንቅላት የደገፈውን ጀርባ ነው።