መርፌው ገባ፤ ናሙናውስ ደረሰ?

ልጆቼ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሰንዳፋ ወይም ገላን ተመድባችሁ አልትራሳውንድ ባለበት፣ ፓቶሎጂስት (ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) ግን በሌለበት ጤና ተቋም ለምትሠሩ ወጣት ሐኪሞችና ነርሶች ነው የምጽፈው። ስለ ባዮፕሲ፣ ማለትም ለምርመራ ናሙና በመርፌ ስለ መውሰድ፣ ስትጠይቁ ጥያቄያችሁ ሁሉ ስለ መርፌ አያያዝ ነው። እጅ በልምምድ ይፈታል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መርፌው ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ያለው ነው።

ምስሉን ራሳችሁ ሳታዩ፣ በሌላ ሰው ሪፖርት ብቻ መርፌ አታንሡ። ዶፕለር (የደም ፍሰት የሚያሳየውን የአልትራሳውንድ ክፍል) አብሩ፤ አንገት ላይ ያበጠ ሁሉ እጢ አይደለም፣ ደም ስር ሊሆን ይችላል። ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ካያችሁ ሃይዳቲድን (ከውሻ የሚተላለፍ ትል እጭ የሚፈጥረውን ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት) አስቡ፤ በግና ውሻ አብረው በሚውሉበት ግቢ ላደገ ሰው እንግዳ በሽታ አይደለም። ሳይታሰብበት ቢወጋና ፈሳሹ ቢያመልጥ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። እንደ ጉበት ላለ ጥልቅ ቦታ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ህዋሳት) በማይክሮሊትር ከ50,000 በላይ፣ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚዘገይበት ልክ) በአብዛኛው ከ1.5 በታች ይፈለጋል። «ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ ያምጡ። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ለማቆም መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ይጠየቅ፤ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለበትን ሰው በራሳችሁ ሥልጣን «አቁም» እንዳትሉ።

የመርፌ ቁጥር ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፤ ጀማሪን የሚያደናግረው ይኸው ነው። ለኤፍኤንኤ (በቀጭን መርፌ ሴል ለመምጠጥ) ከ22 እስከ 25፣ ለጡት ኮር ባዮፕሲ (በወፍራም መርፌ ቁራጭ ሥጋ ለመውሰድ) 14፣ ለጉበት 16 ወይም 18 የተለመደ ነው። ሊምፎማ (የሊምፍ እጢ ካንሰር) ከጠረጠራችሁ በኤፍኤንኤ አትርኩ፤ የእጢው አወቃቀር ስለማይታይ ኮር ወይም እጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ያስፈልጋል።

ማደንዘዣውን ሊዶኬይን ስትቀዱ አየሩን ከሲሪንጁ አስወጡ፤ ቆዳ ሥር የገባ አየር ምስሉን ይጋርደዋል። መርፌውን ከፕሮቡ (ቆዳ ላይ ከሚያዘው የአልትራሳውንድ እጀታ) ርዝመት ጋር በአንድ መስመር አስገቡ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነጭ ነጥብ ጫፉ ላይሆን ይችላል፤ ፕሮቡ ትንሽ ሲዞር የመርፌው ወገብም ጫፍ መስሎ ይታያል። ጫፉን ካጣችሁት አትግፉ፣ ፕሮቡን አስተካክሉ። የባዮፕሲ ሽጉጡ ሲተኮስ ጫፉ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ፊት ይዘላል፤ ስለዚህ ከመተኮሳችሁ በፊት ከእጢው ኋላ ያለውን ለኩ። ጡት ላይ መርፌው ከደረት ግድግዳ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ወደ ታች ካዘነበለ ሳንባ ይወጋል። መሀሉ የሞተ እጢ ከሆነ ከዳር ዳሩ ውሰዱ።

ሽጉጡን አንዴ በአየር ላይ ተኩሱና ድምፁን ለታካሚዎቹ አሰሟቸው፦ «እማማ፣ ይህን ድምፅ ሲሰሙ እንዳይደነግጡ፣ እንዳይንቀሳቀሱ።» «መርፌ ከነካው ይሰራጫል» ብለው ከፈሩ አትሳቁባቸው። በአንዳንድ እጢዎች በመርፌው መንገድ መዛመት አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ግን ጥቂት ነው፣ ምርመራው በሌለበት ሕክምናው ምን እንደሚሆን አይታወቅም። እንዲህ ብላችሁ እውነቱን ንገሯቸው።

አሁን ወደ ብልቃጡ። ናሙናው እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፎርማሊን 10 በመቶ መሆን አለበት፤ ከፋብሪካ የሚመጣውን 1 እጅ፣ በ9 እጅ በፈር (አሲድነቱን የሚያመጣጥን ፈሳሽ) ወይም ውሃ አቅጥኑ። ሳይቀጥን የሚጠቀም አለ፣ ፎርማሊን አልቆ በሳላይን (በጨው ውሃ) የሚልክ አለ፤ በሳላይን የቆየ ሥጋ መንገድ ላይ ይበሰብሳል። መጠኑ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። የጡት ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይቆይ፤ ካለፈ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራው ሊሳሳት ይችላል። ዓርብ ከሰዓት የተወሰደ ናሙና ሰኞ በዓል ከሆነ አለፈ ማለት ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ካላንደር እዩ።

ቲቢ ከተጠረጠረ የተወሰነው ክፍል በሳላይን ለብቻው፣ በዚያው ቀን፣ ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ባክቴሪያን ዲኤንኤ ለሚፈልግ ምርመራ) ይላክ። ፎርማሊን ባክቴሪያውን ስለሚገድለው ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የመለየት ምርመራ) አይሠራም። እጢ ይዞ የሚመጣ ወጣት በበዛበት አገራችን ይህን መርሳት ታካሚውን ሁለተኛ ማስወጋት ነው።

ናሙናውን ወደ ከተማ የሚወስደው ብዙ ጊዜ አስታማሚው ነው፣ በሚኒባስ ታክሲ። በአየር የደረቀ ስላይድንና የፎርማሊን ብልቃጥን አንድ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ከሰጣችሁት የፎርማሊኑ ትነት ሴሎቹን ቀለም እንዳይቀበሉ ያደርጋቸዋል። ሁለት ፌስታል፣ ሁለት እጅ። ስላይድ ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ በአልኮል ይለቃል። በብልቃጡ ላይ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የካርድ ቁጥር፣ የተወሰደበት ጎንና ሰዓት ይጻፍ፤ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ገላው ላይ፣ ክዳን ይቀያየራልና። ማዘዣው ላይ «እጢ» ብቻ አትጻፉ፤ መጠኑን፣ ቦታውን፣ በምስል ምን እንደጠረጠራችሁ ጻፉ።

ውጤቱ ሲመጣ ከምስሉ ጋር አስተያዩት። ምስሉ ካንሰር ያስጠረጠረ፣ ወረቀቱ ግን «ደህና» ካለ መርፌው ከጎኑ አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ፓቶሎጂስቱን ደውላችሁ አነጋግሩ፣ ናሙናውም ይደገም። ታካሚዋ ያን ቀን ወደ ሱሉልታ ተመልሳ ጤነኛ ነኝ ብላ እንዳትቀር፣ ስልኳንም የልጇንም ስልክ ገና ከመወጋቷ በፊት መዝገብ ላይ ያዙ።