ሳውንድ ካርድ ልግዛ ወይስ ስፒከር? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ስገዛ በዩኤስቢ ኃይል የሚሠሩ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች አብረው ተሰጡኝ። ዜናና ንግግር ስሰማባቸው ብዙም ቅር አይለኝም። ዓቢይ ጾም ገብቶ በገና ስከፍት ግን የምሰማው በገና ሳይሆን ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ድምፅ ይሆንብኛል። በዚያ ላይ ማውሱን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ከስፒከሩ ሲር የሚል ነገር ይሰማል። ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ባማክር «ሳውንድ ካርዱ አርጅቷልና ሌላ ግዛ» አለኝ። ያለችኝን ገንዘብ በየትኛው ላይ ባውላት ይሻላል?

መልስ፦ ገንዘብዎን ለስፒከር ይያዙት። ሳውንድ ካርድ (ኮምፒውተሩ በቁጥር የያዘውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ለውጦ የሚያወጣበት ክፍል) የመግዛቱን ነገር ደግሞ ከዚህ በታች የምነግርዎትን ሙከራ ሳያደርጉ አይወስኑ።

እርስዎ የሰጡት ምሳሌ ችግሩን በትክክል ይገልጸዋል። በገና ዐሥር አውታር ያለው፣ ድምፁ ወፍራምና ዝቅ ያለ መሣሪያ ነው። አውታሮቹ በርኩማው (አውታሮቹን ደግፎ የሚይዘው እንጨት) ላይ በሚያርፉበት ቦታ የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ደግሞ ያንን የምናውቀውን ንዝረት ይሰጡታል። አንድ አውታር ሲመታ እንግዲህ ከሥር የሚሄድ ጥልቅ ድምፅና ከላዩ የሚነዝር ቀጭን ድምፅ አንድ ላይ ይወጣሉ ማለት ነው። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ (በሰከንድ የሚደረገው ንዝረት ብዛት፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ድምፁ ይወፍራል) ያለውን ድምፅ ይሰማል፤ መዳፍ የማትሞላ የዩኤስቢ ስፒከር ግን ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን ብዙውን ጊዜ በቅጡ ልታሰማ አትችልም፤ ምክንያቱም ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር መግፋትን ስለሚጠይቅና ትንሿ የስፒከር ሽፋን (እየተርገበገበች ድምፅ የምታወጣው ክብ ክፍል) ያን ያህል አየር ለመግፋት ስፋቱም ወዲያና ወዲህ የምትሄድበት ቦታም ስለሌላት ነው። ከበገናው ሥሩ ተቆርጦ ንዝረቱ ብቻ ሲቀር ያው የዝንብ ድምፅ ይሆናል። ዜማውን ግን መከተል አልከበደዎትም፤ አእምሯችን የላይኛዎቹን ድምፆች ሰምቶ የጎደለውን መሠረታዊ ቃና ራሱ ይገምታልና። የጠፋው ቃናው ሳይሆን የድምፁ ሙላት ነው። የንግግር ድምፅ ትርጉሙን የሚሸከመው በአብዛኛው ከፍ ባለው ክፍል ስለሆነ ዜናው ቅር አላሰኘዎትም።

የጠጋኙ ምክር መነሻ የሌለው አይደለም፤ ዘመኑ ግን አልፏል። በ1980ዎቹ የነበሩ አብዛኞቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች ጢጥ ከማለት ያለፈ ድምፅ አልነበራቸውም፤ የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ በ1989 ሳውንድ ብላስተር የተባለውን ካርድ ሲያወጣ ለውጡ የምድርና የሰማይ ያህል ነበር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ኢንቴል በ1997፣ ኋላም በ2004 ባወጣቸው ደረጃዎች ምክንያት ግን የድምፁ ሥራ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ወደ ተጣበቀች አንዲት ቺፕ ገባ። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ እያንዳንዱም በ16 ቢት የተመዘገበ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ተራ ማዘርቦርድ ይህን ያለ ችግር ያጫውታል። ሳውንድ ካርድ ሲበላሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ድምፁ ጨርሶ ይጠፋል፣ አንዱ ወገን ብቻ ይሰማል ወይም ይንኳኳል እንጂ በገናውን ለይቶ አያቀጥንም።

አሁን ወደ ሙከራው እንምጣ። ደህና የሆነ ኢርፎን ይዋሱና ከኮምፒውተሩ ጀርባ ባለው አረንጓዴ ቀዳዳ ሰክተው ያንኑ የበገና ቅጂ ይስሙ። የአውታሩ ጥልቅ ድምፅ ጆሮዎን ሲሞላው ከሰሙ ሳውንድ ካርዱ ጤነኛ ነውና ጥፋቱን ከስፒከሩ ይፈልጉ። በኢርፎኑም ከቀጠነ ቅጂውን በፍላሽ ወስደው በሌላ ኮምፒውተር ላይ በዚያው ኢርፎን ያዳምጡት፤ እዚያም ከቀጠነ ቅጂው ራሱ ሲጀመር ደካማ ነው። ለምሳሌ በሰከንድ 64 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 ከሆነ፣ ወይም አንድ ሰው ከራዲዮ በስልክ የቀዳው ከሆነ፣ በቅጂው ውስጥ የሌለውን ድምፅ ካርዱም ስፒከሩም አያመጣውም። እኔ ይህን ሙከራ ሳላደርግ ካርድ ገዝቼ፣ ገጥሜ፣ በዚያው አሮጌ ስፒከር ሳዳምጥ ምንም ያልተለወጠ ድምፅ ስለጠበቀኝ ነው አጥብቄ የምመክርዎት።

የማውሱ ጩኸት ከቅጥነቱ የተለየ ችግር ስለሆነ ለብቻው ይታይ። ስፒከሮችዎ ኃይል የሚያገኙት ከኮምፒውተሩ ዩኤስቢ ነው፤ ማውስ ሲንቀሳቀስ ወይም ዲስክ ሲሠራ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ረብሻ በዚያው መስመር ወደ ስፒከሩ አምፕሊፋየር ይገባል። የዩኤስቢ ገመዱን ነቅለው በስልክ ቻርጀር ላይ ይሰኩት፤ የድምፁ ገመድ ግን ከኮምፒውተሩ አይነቀል። ጩኸቱ ከጠፋ ያለ አንዲት ብር ተገላገሉ። ካልጠፋ፣ የድምፁ ገመድ የተሰካው ከፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ እንደሆነ ይመልከቱ፤ የፊቱ ቀዳዳ ሽቦ በሳጥኑ ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ በመንገዱ ረብሻ ይለቅማል፤ ወደ ጀርባው ያዛውሩት። ይህም ካልረዳ ያን ጊዜ ከውጭ በዩኤስቢ የሚሰካ ሳውንድ ካርድ መግዛት ተገቢ ነው፤ ድምፁ በቁጥር እንደሆነ ከሳጥኑ ወጥቶ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለወጠው ከረብሻው ርቆ ስለሆነ።

ከማውሱ ጋር የማይገናኝ፣ ሳያቋርጥ እም የሚል ድምፅ ካለ ደግሞ መነሻው የአገራችን የ50 ሄርዝ መብራት ነው፤ ኮምፒውተሩንና ስፒከሩን በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል። አንዳንድ ሰው የሶኬቱን የመሬት መስመር ቆርጦ እም የሚለውን ጸጥ ያሰኛል። እባክዎን ይህን ፈጽሞ አያድርጉ፤ ያ መስመር ሰውን ከሞት የሚጠብቅ ነው።

ስፒከር ሲገዙ በካርቶኑ ላይ በትልቁ በሚጻፈው ዋት አይመሩ። «ፒኤምፒኦ» (ለማስታወቂያ የሚጋነን የቅጽበት ኃይል) ተብሎ ሺህ ዋት የተጻፈበት ዕቃ እውነተኛ ኃይሉ ዐሥር ወይም ሃያ ዋት ሊሆን ይችላል፤ «አርኤምኤስ» የሚለውን፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል የሚያሳየውን ቁጥር ይፈልጉ። ለአንድ ክፍል ከ20 እስከ 40 ዋት አርኤምኤስ ይበቃል። ሽፋናቸው ቢያንስ ዐሥር ሴንቲሜትር የሚሆን፣ በእንጨት ሣጥን የተሠሩ ሁለት ስፒከሮች፣ ወይም ለብቻው የሚቀመጥ ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ያለው ባለ ሦስት ክፍል ዕቃ የበገናውን ሥር ይመልሱልዎታል። የበገናውን ቅጂ በፍላሽ ይዘው ወደ ሱቁ ይሂዱና በዚያ ያስከፍቱት፤ ሻጩ ለማሳያ የሚከፍተው ዘፈን ከበሮው ጮክ ብሎ የተቀዳ ስለሚሆን ጆሮን ያታልላል። ሰብዉፈሩን ቤት ወስደው ማዕዘን ላይ አያስጠጉት፤ ግንቡ ወፍራሙን ድምፅ አብዝቶ ያጎላዋል። ወለሉ ሊሾ ግድግዳውም ባዶ ከሆነ ምንጣፍና ወፈር ያለ መጋረጃ ማድረግ ለድምፁ ጥራት ብዙ ይረዳል።

ጥያቄ፦ ሞጣ ነው የምኖረው። ነፍሱን ይማረውና አባቴ የቅኔ መምህር ነበር፤ ጉባኤ ዘርግቶ ሲያስተምር የተቀዱ ዐሥራ አንድ ካሴቶች አሉኝ። ወደ ላፕቶፕ ለመገልበጥ ከቴፑ የኢርፎን ቀዳዳ በገመድ ወደ ላፕቶፑ አገናኘሁት፤ ድምፁ ግን የተቀደደና እም የሚል ሆነብኝ። ላፕቶፔን ልቀይር?

መልስ፦ ላፕቶፑን አትቀይር፤ ለአንተ ግን ከላይ ካሉት ጠያቂ በተለየ ሳውንድ ካርዱ ያስፈልግሃል። የላፕቶፑ ቀዳዳ የተሠራው ለማይክ ነው፤ ማይክ የሚልከው እጅግ ደካማ ምልክት ስለሆነ ቀዳዳው ያጎላዋል፣ ከቴፕ የሚመጣው ጠንካራ ምልክት ሲገባበት ደግሞ ይቀደዳል። «ላይን ኢን» የሚል፣ እንደ ቴፕ ካለ መሣሪያ የሚመጣውን ጠንካራ ምልክት የሚቀበል ቀዳዳ ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግዛ። እንደ ፍላሽ ትንሽ የሆኑት ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ የማይክ ቀዳዳ ብቻ ነው ያላቸውና ከመክፈልህ በፊት ጽሑፉን አንብብ። እም የሚለውን ለማስወገድ በምትቀዳበት ሰዓት የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለህ በባትሪ አሠራው።

ለመቅዳት ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃሃል። የድምፁ መጠን ማሳያ ቀዩን እንዳይነካ ዝቅ አድርገህ ጀምር፤ አንዴ የተቀደደ ድምፅ አይመለስም፣ ያነሰ ግን ኋላ ከፍ ይላል። የመጀመሪያውን ቅጂ ኤምፒ3 ሳታደርገው ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው በዌቭ አስቀምጠው። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ዌቭ በደቂቃ ዐሥር ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ የ60 ደቂቃው ካሴት 600 ሜጋባይትን በጥቂት የሚያልፍ ቦታ ይወስዳል፤ የአባትህ ዐሥራ አንድ ካሴቶች በአንድ የ16 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይገባሉ፤ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ደግሞ በዘመድ ቤት አስቀምጥ። የቴፑን ራስ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረገው፣ እስኪደርቅም ጠብቀው። ለብዙ ዓመት ሳይጫወት የተቀመጠ ካሴት ክሩ እርስ በርሱ ሊጣበቅ ስለሚችል አንድ ጊዜ እስከ ጫፉ አጠንጥነህ መልሰው፤ መጀመሪያ ግን ከአባትህ ካሴቶች አንዱን ሳይሆን ብትጥለው የማይቆጭህን አንድ አሮጌ ካሴት አስገብተህ ቴፑ ክር የማይበላ መሆኑን አረጋግጥ።