«አልታየም» እና «የለም»

የኤች አይ ቪ ቫይራል ሎድ ምርመራ (ደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚለካውን) የምሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። «ጠይቁኝ» ባልኩት መሠረት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ስለ ማቋረጥ የመጡትን ጥያቄዎች ልመልስ።

ጥ፦ ስድስት ዓመት ሙሉ ውጤቴ «አልታየም» ነው። ታዲያ ክኒኑን ለምን እውጣለሁ?
መ፦ ማሽኑ የሚያየው ደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ቫይረስ ብቻ ነው። ሌላው ሲዲ ፎር በሚባሉት በሽታ ተከላካይ ሴሎች ዘረመል ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። መድኃኒቱ መራባትን ይከለክላል እንጂ የተኛውን አይነካውም። ይህ ክምችት በግማሽ ለመቀነስ እንኳ 44 ወር ገደማ ይፈልጋል።

ጥ፦ ባቆምስ መቼ ይመለሳል?
መ፦ በአብዛኛው ሰው ከ2 እስከ 4 ሳምንት።

ጥ፦ አስቀድሞ የሚናገር ምርመራ የለም?
መ፦ በጣም የምወደው ጥያቄ! የተደበቀውን የቫይረሱን ዘረመል መቁጠር ይቻላል፤ ባነሰ ቁጥር ቫይረሱ ዘግይቶ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ችግሩ፣ ከምንቆጥረው ከ90 በመቶ በላዩ የተበላሸ፣ መራባት የማይችል ነው። ጋራዥ ውስጥ የቆሙ መኪኖችን ቆጥሮ ስንቱ እንደሚነሳ እንደ መገመት ነው። ያልተበላሸውን የሚለይ ምርመራም አለ። እሱም ቢሆን የሚያየው እኔ ቱቦ ውስጥ ያለውን ደም ነው፤ አንጀትና ንፍፊት ውስጥ ያለውን ማን ያያል?
ቫይረሱ ይዟት የተወለደችውን የአሜሪካ ሚሲሲፒዋን ሕፃን አስታውሱ። በተወለደች በ30 ሰዓቷ መድኃኒት ጀመረች፤ በኋላ ተቋረጠ። ሐኪሞቹ መራባት የሚችል ቫይረስ ፈልገው አጡ። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ከ27 ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ቫይረሱ ተመለሰ።

ጥ፦ ፈረንሳይ ውስጥ አቁመው ደህና የሆኑ አሉ ይባላል።
መ፦ እውነት ነው፣ 14 ሰዎች ናቸው። ግን በተያዙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው መድኃኒት የጀመሩት። ስንቶቻችን በዚያ ፍጥነት አወቅን?

ጥ፦ ጸበል ልገባ ነው፤ ለጊዜው ላቁመው?
መ፦ እህቴ፣ ጸበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ። አቡነ ጳውሎስ እንኳ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል።

ጥ፦ እየተመረመርኩ ራሴ ብሞክረውስ?
መ፦ አይሆንም። ለጥናት ብለው የሚያቆሙት በየሳምንቱ ገደማ ይመረመራሉ፤ አንተ በዓመት አንዴ። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የወጣው ስማርት የተባለ ጥናት 5,472 ሰዎች ነበሩበት፤ እያቋረጡ ከሚወስዱት በኩል የሞቱት በዙ። ቫይረሱ ሲመለስ ደግሞ ለትዳር ጓደኛህም ይተርፋል።

ጥ፦ ትናንት ማታ ረሳሁት፤ ተመለሰብኝ ማለት ነው?
መ፦ አይደለም። እንዳስታወስሽ ዋጪ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ሁለት አትደርቢ።