መልስ፦ የተማሪዎቼ ኮምፖስት ለምን ሸተተ?

አብሽሪ እህቴ። ደሴ ላይ ከ7ኛ ክፍል ልጆችሽ ጋር ለኮምፖስት (በስብሶ ማዳበሪያ እንዲሆን) የምግብ ትራፊ ጉድጓድ ውስጥ ከታችሁ በ3 ሳምንቱ እንደሸተተ ጽፈሻል። የሸተተው አየር አጥሮት ነው። የእንጀራ ፍርፋሪና የድንች ልጣጭ ብቻውን ሲከመር ውሃ ይቋጥርና ይታፈናል። ለ1 ባልዲ እርጥብ ነገር 2 ወይም 3 ባልዲ ደረቅ ጨምሩበት፦ የጤፍ ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን። ሥጋና ዘይት አይግባ፤ አይጥ ይጠራል።

ጉድጓዱን ተዉትና ከመሬት በላይ ከምሩት። የደሴ ብርድ ቀላል ስላልሆነ ክምሩ በሁሉም በኩል 1 ሜትር ያህል ይሁን። ትንሽ ክምር ሙቀት አይይዝም። እኛ ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ቶሎ ይበስላል፤ እናንተ ትንሽ ታገሡ።

ልጆቹ ራሳቸው ይለኩት። ጓንት አድርገው አንድ እፍኝ ይጭመቁ፤ ውሃው ከተንጠባጠበ በዝቷል፣ እፍኙ ከተበተነ አንሷል። ረጅም ብረት መሃሉ ላይ ሰክተው ከ10 ደቂቃ በኋላ ያውጡት። የኔዎቹ ብረቱን ነካ አድርገው «ሻይ ነው የሚመስለው!» ብለው ጮኹ። ሙቀቱን የሚፈጥረው ትራፊውን የሚያበሰብሰው ባክቴሪያ ነው፤ በሕይወት ያለ ነገር መሆኑ የገባቸው ያን ቀን ነው። በደንብ የተሠራ ክምር እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል።

በየሳምንቱ አገላብጡት። ክምሩ ዝናብ እንደመታው አፈር ሲሸት ደርሷል ማለት ነው። ያኔ ሁለት መደብ ጎመን ዝሩ፣ አንዱን ያለ ኮምፖስት። ልዩነቱን በማስመሪያ እየለኩ ይመዝግቡት።