የፈረምኩት ቅጽ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

ኮምቦልቻ ውስጥ በእህል ንግድ የምተዳደር አባት ነኝ። ልጄ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ለመጪው ዓመት ማኅበራዊ ሳይንስ ካልገባሁ ብላ ቤቱን አውካዋለች። በእኛ ሰፈር ማኅበራዊ የሚገባው ፊዚክስ የከበደው ልጅ ነው። የወንድሜ ልጆች አንዱ ፋርማሲ፣ ሌላው ሲቪል ምሕንድስና ሲማሩ፣ የእኔዋ በሒሳብ 88 አምጥታ ሳለ ታሪክና ጂኦግራፊ ልታጠና መነሣቷን ለዘመድ እንዴት እንደምነግር ግራ ገብቶኛል። ብመክራት፣ ብቆጣት፣ ሽማግሌ ባስመክራት አልሰማ አለች። ድሮም በማይረባ ነገር የምትጠመድ ናት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሰኞ ሰኞ ከባቲ ገበያ ስመለስ የማሽላውንና የጤፉን ዋጋ እየጠየቀች በደብተር ትጽፋለች፤ እኔም አንዳንዴ እህል ከመግዛቴ በፊት እመለከተዋለሁ። ለማንኛውም ባለፈው ሳምንት ተፈጥሮ ሳይንስ ብዬ ቅጹን ሞልቼ፣ ፈርሜ ለትምህርት ቤቱ ሰጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ቡና ስታቀርብልኝ እንኳ ቀና ብላ አታየኝም። ተሳስቻለሁ ወይ?

መልስ፦

አዎ፣ ተሳስተዋል። «የማይረባ» ያሉትን ደብተር እያዩ እህል የሚገዙት እርስዎ ነዎት። ሁለት ዓመት ሳታቋርጥ የገበያ ዋጋ የመዘገበች ልጅ ኢኮኖሚክስን በተግባር ጀምራዋለች፤ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው ደግሞ እርስዎ ለሰነፍ በተዉት ክፍል ነው። ሒሳቧም አይባክንም፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪም በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሒሳብ ይፈተናል፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኢኮኖሚክስ የሚያጠናም ከካልኩለስና ከስታቲስቲክስ አያመልጥም።

የሒሳቧን 88 ሲነግሩኝ የፊዚክሷንና የባዮሎጂዋን ውጤት ዘለውታል። ከጆንያው አፍ ላይ ምርጡን ብቻ አሳይቶ የሚሸጥ ነጋዴ ቢገጥምዎ ምን እንደሚሉት አውቃለሁ። በ2015 ዓ.ም. በተገለጸው የ12ኛ ክፍል ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደነበሩ ያስታውሳሉ፤ በእንዲህ ያለ ፈተና ላይ ልጅን ባልወደደችው ትምህርት ማስቀመጥ ለዘመድ ወሬ የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

በአንድ ነገር ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ፦ ማኅበራዊ ከገባች ሕክምናና ምሕንድስና እንደሚዘጉባት በቁጣ ሳይሆን ተቀምጠው ይንገሯት፤ ይህን አውቃ ከመረጠች መርጣለች። ከዚያ ምደባው ሳይለጠፍ አብረው ትምህርት ቤቱ ይሂዱና አዲስ ቅጽ ይጠይቁ፤ እሷ ትሙላው፣ እርስዎ በወላጅ ቦታ ብቻ ይፈርሙ።

ዛሬ ማታ ግን፣ ከይቅርታውም በፊት፣ የሰኞውን የማሽላ ዋጋ ይንገሯት፤ በደብተሯ ላይ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ያልተሞላ መስመር ሳይኖር አይቀርም።