ካላመመኝ ጥርሴን ለምን ልታጠብ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። መሐል ሜዳ የምኖር መምህር ነኝ። ጥርሴን አሞኝ አያውቅም፤ ጠዋት ጠዋት በወይራ መፋቂያ እፍቃለሁ። ሰሞኑን ግን ስፍቅ ድዴ ይደማል። ለሌላ ጉዳይ ደብረ ብርሃን ሄጄ በሐኪም ስታይ «ጥርስህን መታጠብ አለብህ» ተባልኩ። እናቴ ደግሞ «ጥርስ ከታጠበ ይላላል፤ ጎረቤታችን ታጥቦ አይደል የተነቃነቀበት!» ብላ ሞግታኛለች። የማንን ልስማ? ደግሞስ ካላመመኝ በየጊዜው መመላለሱ ምን ይረባኛል?

መልስ፦ እናትዎ ያዩትን ነው የተናገሩት። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

በየቀኑ ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ቆሻሻ በደንብ ካልተፋቀ፣ ከምራቅ ካልሲየም እየገባበት ይደርቃል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቁታል አይደል? እሱን ነው የሚመስለው። አንዴ ከደረቀ ወይራም ብሩሽም አያነሳውም። በብዛት የሚጋገረው ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች በስተጀርባ ነው፤ ምራቅ የሚፈልቀው እዚያው ምላስ ሥር ነውና። እስቲ በምላስዎ ጫፍ ይዳስሱት። ከሻከረዎት እሱ ነው።

ግግሩ ላይ የሚባዙት ባክቴሪያዎች ድዱን ያስቆጡታል። ያብጣል፣ ይደማል። ዝም ከተባለ ጥርሱን የያዘው አጥንት ቀስ እያለ ያልቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የሚባል ነገር የለም። እኔን የሚያናድደኝም ይሄው ነው፤ «አላመመኝም» ብሎ የሚመጣ ሰው ጥርሱ በጣት የሚወዛወዝ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ጎረቤትዎን አላየኋቸውም። እንደሳቸው ያሉ ታካሚዎች ግን ይመጡልኛል። አጥንቱ ቀድሞ አልቋል፤ የላላውን ጥርስ ከአጠገቡ ካለው ጋር አጣብቆ ያቆመው ግግሩ ነው። ግግሩ ሲነሳ መነቃነቁ ይታወቃል፣ ስሙ የሚጠፋው ግን እጥበቱ ነው። ድዱ ጤና ያለው ሰው ታጥቦ ጥርሱ አይላላም።

አገራችን የገብስ አገር ናትና አንድ ነገር ልጨምር። የቆሎ ገለፈት ከድድ ውስጥ ስነቅል ነው የምውለው ብል አላጋነንኩም። ቀጭን ናት፤ ጥርሱና ድዱ መካከል ትሰካና ዙሪያዋን ታሳብጣለች። ባለቤቱ በስንጥር በጎረጎራት ቁጥር ይብስ ትገባለች። ሰውየው ጥርሱ የተበላ መስሎት «ንቀልልኝ» ብሎ ይመጣል። ገለፈቷን አውጥቼ መዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት ያፍራል።

እጥበቱ ራሱ አያስፈራም። መሣሪያው ጫፉ እየተንቀጠቀጠ ውሃ ይረጫል፤ ድምፁ ትንሽ ይረብሻል። ድድዎ አሁንም ስለሚደማ ያን ዕለት ደም ያያሉ። የሚቆርቡ ከሆነ ታዲያ ቀጠሮውን ከቁርባኑ ቀን አርቀው ይያዙ፤ ይህን ሳልነግራቸው ቀርቼ የተቆጡኝ እናቶች አሉ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ይሰማዎታል። የመሐል ሜዳን የጠዋት ብርድ ደግሞ እርስዎ ያውቁታል፤ አፍዎን በጋቢ ሸፈን አድርገው ይውጡ፣ ያልፋል።

መፋቂያውን አይጣሉ። በደንብ ከታኘከና ከለሰለሰ ጥሩ ነው። ችግሩ ሰው ፊት ለፊት የሚታየውን ፍቆ መተው ነው። የውስጡንና የኋላውን ይድረሱበት፤ ማታ ደግሞ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በብሩሽ ይቦርሹ። ሲደማ ፈርቶ መተው አይገባም፤ ሲተዉት ይብሳል።

በየስንት ጊዜ ለሚለው፣ ብዙውን ጊዜ በ6 ወር እንላለን፤ ለሁሉም ግን አንድ አይደለም። ድዱ ደህና የሆነ፣ ጥርሱ የማይቦረቦር ሰው ዓመት ቢቆይ አልቆጣውም። የድድ ሕመሙ አጥንት የደረሰ፣ ስኳር ያለበት ወይም ሲጋራ የሚያጨስ በ3 ወር ቢመጣ ይሻለዋል። እርስዎ ለጊዜው 6 ወር ይያዙ። ለብቻው ጉዞ አያስፈልገውም፤ ለሌላ ጉዳይ ደብረ ብርሃን ሲመጡ ያጋጥሙት። ምርመራው ራሱ ብዙ አይቆይም። ገና ስትጀምር የተገኘች ቀዳዳ ደግሞ ተሞልታ ታልፋለች፤ ነርቭ ከደረሰች ወጪውም ምልልሱም ሌላ ነው።

የልብ ሕመም ካለብዎ ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ፣ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።